ቀዷ የሌለው ሶላት፦ ስለ እሁዱ የጨረቃ ግርዶሽ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

እሁድ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017፣ ጨረቃ ተጋርዳ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ27 ላይ ጥላው ከአንድ ጎኗ ይበላት ጀመር። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ በሙሉ ተዋጠች፤ እስከ 3 ሰዓት ከ52 ድረስም ቀልታ ቆየች። 5 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ጥላው ለቀቃት። ሙሉ ግርዶሹ ብቻ 82 ደቂቃ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። መግሪብ ተሰግዷል፣ ዒሻ ደርሷል። አቃቂ፣ ቃሊቲ ወይም ቱሉ ዲምቱ ላይ ዒሻን በጀማዓ ሰግዶ ከመስጂድ የወጣ ሰው፣ የጳጉሜን ደመና ካልጋረደበት በቀር፣ ወደ ምሥራቅ ቀና ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። እንዲያውም የእኛ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ መካ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሰሜን ላይ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ወይም ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ለሶላት የቆመ ሰው፣ ጨረቃዋ በቀኝ ትከሻው በኩል ነበረች።

ስንቶቻችን ቆምን? ስልክ ያላወጣን ግን ጥቂት ነን። መቼም የስልክ ካሜራ ጨረቃን እንዴት እንደሚያነሳ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ብርቱካንማ ነጥብ። ፎቶ ማንሳቱን ሐራም ነው አልላችሁም፣ ማንም አላለም። እኔን የሚያሳስበኝ ነጥቧን ለጥፈን ላይክ እየቆጠርን ሦስት ሰዓት ተኩል ማለፉ ነው።

አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። በረሱል (ሶ.ዐ.ወ) ዘመን ፀሐይ በመዲና ተጋረደች። የአቡበክር ልጅ አስማእ፣ ያቺ በሂጅራው ጊዜ ለዋሻው ስንቅ ያዘጋጀችው ጀግና፣ እህቷ ዓኢሻ ዘንድ ስትመጣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ይሰግዳል። ዓኢሻም እየሰገደች ነው። አስማእ ሰዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀቻት። ዓኢሻ ሶላት ላይ ናትና መናገር አትችልም፤ በምልክት ወደ ሰማይ አሳየቻት። አስማእ ይህ የአላህ ተኣምር መሆኑን ስትጠይቃት ዓኢሻ ራሷን ነቅንቃ አዎንታዋን ገለጸችላት። አስማእም ቆመች። መቆሙ እጅግ ከመርዘሙ የተነሳ ራሷን እስኪያዞራት ድረስ ቆመች፤ ውኃም አናቷ ላይ ታፈስ ነበር። እህቶቼ፣ ይህን ሶላት የወንዶች ብቻ አድርጋችሁ ካሰባችሁት፣ ታሪኩን ለእኛ ያደረሱልን ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን አትርሱ።

ያ ቀን ግን ሌላም ነገር ነበረው። የነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ያረፈበት ቀን ነው። ከማሪያ የተወለደ፣ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወደ ኋላ ቆጥረው ያንን ግርዶሽ በ632 እ.ኤ.አ ጥር ወር ላይ ያገኙታል፤ ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ራሳቸው ወደ አኺራ ከመሄዳቸው ጥቂት ወራት በፊት ማለት ነው። አባት ልጁን ቀብሯል፣ ዓይኑ አልቅሷል፣ በዚያው ቀን ፀሐይ ጨለመች። የመዲና ሰው ምን አለ? ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው አለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ሐሰተኛ ሰው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ያገኛል? ማንም አልጠየቀውም፣ ሰዎቹ በራሳቸው ያሉት ነው። ዝም ቢል ብቻ ይበቃው ነበር፤ ሰማይ ለልጄ አዘነች የሚል ወሬ ዓረቢያን ሁሉ ይዞርለት ነበር። ረሱል (ሶ.ዐ.ወ) ግን ሐዘናቸው ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ ተነስተው፣ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ለማንም መወለድ እንደማይጋረዱ ለሰዉ ተናገሩ። ያንን ስታዩም አላህን ለምኑ፣ አልቁት፣ ስገዱ፣ ሰደቃ ስጡ አሉ። እኔ በበኩሌ ስለ እውነተኛነታቸው ከሚነገሩት ማስረጃዎች ሁሉ ቀልቤን እንደዚህ የሚይዘው ጥቂት ነው።

ታዲያ እኛ አዲስ ዓመት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ጨረቃ ስትቀላ፣ ይህ የእገሌ ውድቀት ነው፣ ይህ የጦርነት ምልክት ነው፣ ዘንድሮ እንዲህ ይሆናል የሚል ቪዲዮ ሼር ስናደርግ ምን እያደረግን ነው? ነብያችን በልጃቸው ሞት ያልፈቀዱትን እኛ ለሠፈር ፖለቲካ እየፈቀድን ነው። ጨረቃ የማናችንም ዜና አንባቢ አይደለችም።

በሌላው ጫፍ ያለው ወንድሜ ደግሞ፣ የምድር ጥላ እኮ ነው፣ ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት በደቂቃ ተሰልቶ ታውቋል፣ የሚያስፈራው ምኑ ነው ይለኛል። ትክክል ነው፣ የምድር ጥላ ነው። ፀሐይ በአንድ በኩል፣ ጨረቃ በሌላ በኩል፣ ምድር መሐል ትገባለች። ግን ምክንያቱን ማወቅ ፍርሃትን ያጠፋል ያለው ማነው? የአቃቂ ወንዝ ዳር የሚኖርን ሰው ጠይቁት። ክረምት ላይ እንጦጦ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እታች ወንዙ እንደሚሞላ ያውቃል፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ በየት እንደሚያልፍ ያውቃል። ሌሊት ድምፁን ሲሰማ ልጆቹን አቅፎ ከዳር የሚሸሸው ስለማያውቅ አይደለም፣ ስለሚያውቅ ነው። ነብያችንም (ሶ.ዐ.ወ) ግርዶሹን በአጉል እምነት የሚያብራሩትን ባረሙበት በዚያው ቀን፣ ከቤታቸው ልብሳቸውን እየጎተቱ በድንጋጤ ወደ መስጂድ ወጥተዋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ነበሩ።

የፈሩት ጥላውን አልነበረም። ሱረቱል ቂያማን ቅሩ። በዚያ የመጨረሻ ቀን ዓይን ሲዋልል፣ ጨረቃ ስትጨልም፣ ፀሐይና ጨረቃ ሲሰበሰቡ፣ የሰው ልጅ መሸሻው የት እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ ስለ ጨረቃ የተነገረው ቃል «ኸሰፈ» ነው፤ የጨረቃን ግርዶሽ ሶላት ሶላቱል ኹሱፍ የምንለው ከዚያው ሥር ነው። እሁድ ማታ ያየነው ተመልሶ የበራ ግርዶሽ ነው። ጨረቃን በቦታዋ የያዛት ጌታ ለ82 ደቂቃ ብርሃኗን አንስቶ መለሰላት፤ አንድ ቀን አይመልስላትም።

መቅላቷም ራሱ የሚደንቅ ነው። የምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ጭልጥ ብላ ያልጠፋችው፣ የፀሐይ ብርሃን በምድር ዙሪያ ባለው አየር ውስጥ ታጥፎ ስለሚደርሳት ነው። ይህ ብርሃን የሚያልፈው በዚያች ደቂቃ ፀሐይ በምትጠልቅባቸውና በምትወጣባቸው አገሮች ሁሉ ላይ ነው። መግሪብ የገባላቸው ሕዝቦች ሰማይ ቅላትና ፈጅርን ሰግደው የጨረሱ ሕዝቦች ሰማይ ቅላት፣ አንድ ላይ ሆኖ ጨረቃ ላይ አረፈ። ሱብሓነላህ።

የፀሐይ ግርዶሽ ለአንድ አገር ይታያል፣ ለጎረቤቱ አይታይም፤ በሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርታ የታየችው ፀሐይ ለእኛ አዲስ አበባ ከፊሏ ብቻ ነበር የተሸፈነው። የጨረቃ ግርዶሽ ግን እንዲህ አይደለም። ሌሊት ለሆነበት የምድር ክፍል ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የሚሆነው። አቃቂ ላይ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን የጨለመችው ጨረቃ፣ በዚያችው ደቂቃ መካ ላይ ጨልማለች። በዚያችው ደቂቃ የምድር መጨረሻ በሆነው በደቡብ ዋልታ ላይም ጨልማለች።

ደቡብ ዋልታን ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። እስቲ እዚያ የቆመን ሰው አስቡት። አሙንድሰን ስኮት የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ፤ በጨለማው ወቅት አርባ ገደማ ሰዎች ብቻ ይቀሩበታል፣ ለወራት አውሮፕላን አይደርስባቸውም። ፀሐይ መጋቢት ላይ ትጠልቅና እስከ መስከረም አትወጣም፤ ዓመቱ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ነው። ጨረቃም እንደኛ አገር በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ አትጠልቅም። ሁለት ሳምንት ጨርሳ አትታይም፣ ሁለት ሳምንት ጨርሳ አትጠልቅም፤ በአድማሱ ዙሪያ ትዞራለች። እሁድ ዕለት እዚያ የነበረችው ክንድ ዘርግተው ሦስት ጣት በሚያህል ከፍታ ላይ ነበር። በአንድ በኩል ልትወጣ ሁለት ሳምንት የቀራት ፀሐይ ውጋጋን፣ በሌላ በኩል በበረዶው ላይ የተንጠለጠለች ቀይ ጨረቃ።

እዚያ አንድ ሙስሊም ቢኖር ሶላቱን በምን ያውቃል? ፈጅር የቱ ነው? መግሪብ መቼ ነው? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ስለ ደጃል ሲናገሩ ከቀኖቹ አንዱ ዓመት የሚያህል እንደሚሆን ነገሯቸው። ሶሓቦቹ ያን ቀን ስንት ምግብ እንደሚያስፈልግ፣ ከደጃል እንዴት እንደሚያመልጡ አልጠየቁም፤ በዚያ ቀን የአንድ ቀን ሶላት ይበቃን ይሆን ብለው ጠየቁ። መልሱ አይበቃም፣ መጠኑን ገምቱ የሚል ነበር። ሐዲሱ ሙስሊም ዘንድ አለ፤ ዑለማዎች ፀሐይ ለማትወጣባቸውና ለማትጠልቅባቸው አገሮች የሚሰጡት ፈትዋ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ አምስቱ ሶላቶች አይቀሩም፤ ጊዜያቸው በቅርብ ባለ፣ ቀንና ሌሊቱ በሚለይ አገር፣ ወይም እንደ አንዳንዶቹ በመካ ሰዓት ይሰላል።

ይህ በኪታብ የቀረ ነገር አይደለም። በሰሜን በኩል ካናዳ ውስጥ ኢኑቪክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ክረምት ላይ ወር ገደማ ፀሐይ አትወጣላቸውም፤ በጋ ላይ ከ50 ቀን በላይ አትጠልቅም። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፀሐይ ስትወጣ 12 ብሎ የሚጀምር ነውና፣ እዚያ አንድ ሐበሻ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንገናኝ ቢል የሚገባው ሰው አይኖርም። እዚያ ያሉ ጥቂት ሙስሊሞች መስጂድ ፈለጉ፤ በቦታው ማሠራት ደግሞ ውድ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ አንዲት ትንሽ መስጂድ ዊኒፔግ ላይ ተሠርታ፣ በከባድ መኪናና በጀልባ ተጭና፣ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ደረሰችላቸው። የእሁዱን ግርዶሽ እነሱ አላዩትም፣ በዚያ ሰዓት ለእነሱ እኩለ ቀን ነበር። በየቀኑ ግን ሰማይ ሳያሳያቸው ይሰግዳሉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢኑቪክ ያለው ወንድማችሁ ሰማዩ ምልክት በማይሰጠው ወር ውስጥ አስልቶ፣ ገምቶ፣ አላርም ሞልቶ ለአላህ ይቆማል። እኛ ደግሞ አምስቱንም ወቅት ሰማዩ ያሳየናል፣ አዛኑም ከሁለት ሦስት መስጂድ ተቀባብሎ ይሰማናል። ከዚያ በላይ እሁድ ዕለት በሶላት ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ሶላት መጣ። ሶላቱል ኹሱፍ አዛን የለውም፣ ኢቃማ የለውም፤ ሰው የሚጠራው «አስ-ሶላቱ ጃሚዓ» ተብሎ ብቻ ነው። እውነተኛው ጠሪ ጨረቃዋ ናት። ከደጃችን ላይ ቆማ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠራችን።

እናም ይህ ሶላት ቀዷ የለውም። ፈጅር በእንቅልፍ ቢያልፍህ ስትነቃ ትሰግደዋለህ። ዙህር በሥራ ቢያልፍህ ታወጣዋለህ። የግርዶሽ ሶላት ግን ጥላው ሲለቅ ጊዜው አበቃ፤ ነገ ልስገደው አይባልም። ፈርድ አይደለምና ኃጢአት ሠራችሁ አልልም፤ ብዙኃኑ ዑለማዎች ጠንካራ ሱና ነው ያሉት። ግን ሱና ነው የምንለውን ቃል አንዳንዴ ይቅር የሚል ትርጉም እንሰጠዋለን፤ አስማእን ራሷን እስኪያዞራት ያቆማት እኮ ይኸው ሱና ነው።

አሰጋገዱን ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። ሁለት ረከዓ ነው፤ ከሌላው የሚለየው በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ቂያምና ሁለት ሩኩዕ መኖሩ ነው። ፋቲሓና ረዘም ያለ ሱራ ትቀራላችሁ፣ ረዘም ያለ ሩኩዕ ታደርጋላችሁ፣ ቀና ትላላችሁ፤ ሱጁድ ሳትወርዱ እንደገና ፋቲሓና ከመጀመሪያው አጠር ያለ ሱራ፣ እንደገና ሩኩዕ፣ ከዚያ ሁለት ሱጁድ። ሁለተኛውም ረከዓ እንዲሁ። ኢብኑ ዐባስ የረሱል (ሶ.ዐ.ወ) የመጀመሪያ ቂያም ሱረቱል በቀራን የሚያህል እንደነበር ተናግረዋል። እናንተ የሐፈዛችሁት አጫጭር ሱራ ብቻ ቢሆን እሱኑ ደጋግሙ፣ ሩኩዑንና ሱጁዱን አስረዝሙ። በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ የጨረቃውም በጀማዓ ይሰገዳል፣ ቂርኣቱም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ነው። በሐነፊ እንደ ማንኛውም ሁለት ረከዓ፣ እያንዳንዱ በየቤቱ። አገራችን ሻፊዒውም ሐነፊውም ያለባት ናትና ጎረቤታችሁ ለብቻው ሲሰግድ ብታዩ አትከራከሩት፤ መስገዱ ይበቃል።

እሁድ ማታ ሠፈራቸው በደመና የተሸፈነባቸው ምን ማድረግ ነበረባቸው? ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ነገሩን ያሠሩት በማየት ነው። ስለዚህ ብዙ ዑለማዎች ጨረቃዋን ጭራሽ ያላየ ሰው፣ ስልኩ ላይ ባለ የሒሳብ ሰዓት ብቻ ተነስቶ አይሰግድም ይላሉ። መጋረዷን አይቶ ደመና ከመጣበት ግን ሶላቱን ይቀጥላል፣ መልቀቁን እስካላረጋገጠ ድረስ እንደተጋረደች ትቆጠራለች። ሰደቃውና ኢስቲግፋሩ ግን ደመና አይከለክለውም። ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ብርድ ላይ የሚያድሩትን ለማግኘት ጥርት ያለ ሰማይ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ለእኛ የሚታየው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ነሐሴ 22 ቀን 2018 ጨረቃ በከፊል ትጋረዳለች፤ ዕለቱ ጁሙዓ ነው። ለእኛ የሚጀምረው ፈጅር ከገባ በኋላ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ33 ላይ ነው። 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ደግሞ እንደተጋረደች ትጠልቃለች፤ ያለን ጊዜ ከ45 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በሻፊዒ መዝሀብ ሶላቱ ምክንያት ያለው ስለሆነ ከፈጅር በኋላም ይሰገዳል፣ ጊዜው የሚያበቃው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ነሐሴ ነውና ሰማዩ ይዘጋ ይሆናል፤ ይከፈትም ይሆናል። ኢንሻአላህ በሕይወት ካደረሰን፣ ያን ቀን ፈጅርን በጀማዓ ሰግዳችሁ ስትወጡ፣ ጫማችሁን ሳታጠልቁ በፊት ወደ ምዕራብ፣ በፉሪ ተራራ በኩል፣ አንድ ጊዜ እዩ።